የቀድሞ ባለቤቱን ስም የሚጠራው ኮምፒውተር

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ፣ ያውም የዕድር ዳኛ፣ ለተጨነቀ ሰው ምሳሌ ሲያመጣ ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ስለ አህያ መናገር ነበረበት። እኔ ግን የተናገርኩት ስለ ኮምፒውተር ነው። ነክቼው አላውቅም። የማያውቁትን ነገር በድፍረት በመናገር ግን በሠፈራችን የሚስተካከለኝ የለም።

የጠየቀችኝ ትርንጎ ናት። ሚስቱ ሞታ ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ለቀረው ጎረቤቴ ሽማግሌ ሆኜ እሷን የጠየቅሁለት እኔ ስለሆንኩ፣ ሲከፋት የምትመጣው ወደ እኔ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ እናቷን የምትረሳው መቼ ነው?» አለችኝ። «መጋረጃውን ቀየርኩ። የእናቷን ፎቶ አወረድኩ። ከአያቷ ቤት አልቅሳ እየተመለሰች ስላስቸገረችኝ እዚያ መሄዱንም አስቀረሁባት። ለእሷው ብዬ እኮ ነው! አሁን ያዘዝኳትን ሁሉ ትሠራለች፤ ግን አትናገርም። ‹በላሽ?› ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚህ ሌላ ምን ላጥፋላት?»

እንባዋ መጣ። ክፉ ብትሆን ተቆጥቼ እገላገል ነበር። ክፉ አይደለችም። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦

አንድ ሰው ነበረ። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛ። ዕቃው ትንሽ ያቃስታል እንጂ ደህና ነበር፤ ይዘፍናል፣ ያጫውታል። ነገር ግን በከፈተው ቁጥር «እንኳን ደህና መጣህ፣ ተካልኝ» ይለዋል። ተካልኝ የሸጠለት ሰው ነው። ገዢው ቀና። «በገዛ ቤቴ የሌላ ወንድ ስም!» ብሎ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ጠጋኝ ሄደ።

«ከእኔ በፊት የነበረውን ሁሉ አጥፋልኝ» አለው።

ጠጋኙ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ሲዲ እንዳለው ጠየቀው። የለውም። «እንግዲያው ሆዱ ውስጥ በአንድ ጥግ የተቀመጠ መጠባበቂያ አለ። ከእሱ እንደ አዲስ እናስነሳዋለን፤ እሱን ብቻ አንንካ።»

«ጥጉም በተካልኝ ጊዜ የነበረ ነው?»

«እንዴታ!»

«አጥፋው!»

ጠፋ። በእሱ ፈንታ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር የኖረ የተቀዳ ሲዲ ተጫነበት። ኮምፒውተሩ እንዳልተጻፈበት ወረቀት ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የገዢውንም ስም ጠራ። ሰውየው ደስ ብሎት ጎረቤት ሰበሰበና የእህቱን የሠርግ ቪዲዮ ከፈተ። ሙሽራው ይጨፍራል፣ ሚዜዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ከበሮው ይመታል፤ ድምፅ ግን የለም። እንደ አሮጌ ሬዲዮ በጥፊ መታው። ዝም። «ጠበል ይረጭበት» ያለም ነበር፤ ደግነቱ ቤት ውስጥ አልተገኘም።

ጠጋኙም «የሚያናግረው ነገር እዚያ ጥግ ነበር» አለ። «የተቀዳው ሲዲ የማንም ነው፤ የእሱን ጉሮሮ አያውቅም።»

ሰውየው ሲያፍር ሰነበተ። በኋላ ጋቢውን ደርቦ ተካልኝ ደጃፍ ላይ ቆመ። «ያንተ የነበረውን ሁሉ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ካለህ እባክህ ስጠኝ» አለ። ተካልኝ አልተቆጣም። ዕቃው አዲስ ሳለ ከዚያው ጥግ ገልብጦ ያስቀመጠውን ሲዲ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠውና «ሲዘፍን ደስ ይል ነበር እኮ» አለው።

ጠጋኙ ያንን ጫነ። ኮምፒውተሩ ድምፅ አውጥቶ ተነሣ። ሲነሣ ተካልኝን አልጠራም፤ ገዢውንም አልጠራም። ጠየቀ እንጂ። «ስምህን ማን ልበል?» አለ።

ትርንጎ ልጄ፣ ሰውየው አንቺ ነሽ። ያቺ ልጅ መሳቅንም፣ ማኩረፍንም፣ «እራበኝ» ማለትንም የተማረችው ከእናቷ ነው። እሱን ካጠፋሽባት ፍቅርሽን በየትኛው አፏ ትመልስልሻለች? የእናቷ ነገር ደግሞ አያቷ ዘንድ ተቀምጧል። ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ፤ ደጃፍ ላይ ቆመሽ «እናቷ እንዴት ነበር የምታስተኛት? ያስተምሩኝ» በይ። ፎቶውን መልሰሽ ስቀዪ። ስታለቅስም አብረሻት ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ራሷ «አንቺን ማን ልበልሽ?» ትልሻለች።

ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ጋሼ፣ ልጄን ከኮምፒውተር ጋር አወዳደሯት?»

«ልጄ» ስትል ሰማኋት፤ እሷ ግን የሰማች አልመሰለኝም።

«አወዳደርኳት» አልኳት፤ «ስለዚህ ለማንም እንዳታወሪ።» እናንተም አታውሩብኝ። በዕድሩ ከተሰማ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሁሉ በራፌ ላይ ይሰለፋል። ይህስ ይሁን፤ በተለይ ከልጅቷ ጆሮ እንዳይገባ አደራ። ያንን ጥያቄ የጠየቀች ቀን፣ ስንጠብቃት እንደነበር ማወቅ የለባትም።