በሩዝ ቅጠል የተረታው ሊቅ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ አባ ኅሩይ። ይርሳው ምክር ፍለጋ ከፊታቸው ተቀምጧል። «በእድር ስብሰባ ላይ አጭበርባሪ ብዬ ያዋረድኩት ጎረቤቴ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ሄጄ ለብቻው ይቅርታ ብለው አይበቃም ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ሰውየው በሩቅ ምሥራቅ አገር፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖር፣ የጥንት ሰዎችን ኑሮ ከአፈር ውስጥ የሚመረምር ሊቅ ነበር። አንዲት ረዳት ነበረችው። እርሷም በሊቃውንት ጉባኤ ተነሥታ «በዚህ ሸለቆ ታሪክ ሳይጻፍ በፊት ሰዎች ሩዝ ያመርቱ ነበር» አለች።

«ፍሬው የት አለ?» አላት ሊቁ።

«ፍሬው ተበልቷል፤ ገለባውም በስብሷል። ሩዝ ግን ከውሃ ጋር የሚስበው ማዕድን በቅጠሉ ውስጥ እንደ መስታወት ይጠነክራል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ያች ደቃቅ ነገር አትበሰብስም። በአጉሊ መነጽር አይቻታለሁ።»

ሊቁ ሳቀ። «አሸዋ አይታ ሩዝ አለችን!» ቢል አዳራሹ አብሮት ሳቀ። ሴትዮዋ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ወደዚያ ሥራም አልተመለሰችም፤ በትውልድ መንደሯ ጨርቅ ትሸጣለች ተባለ።

ዘመን አለፈ፤ ሊቁም ሸበተ። አንድ ቀን ከዚያው ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ አፈር አጥቦ በመነጽሩ ሥር አኖረ። ማራገቢያ የመሰለች ደቃቅ የመስታወት ቅንጣት አየ፤ ከአጠገቧም ሌላ፣ ሌላም። የዱር ሩዝ እንዳይሆን ብሎ ከዱሩም ከእርሻውም ቅጠል አቃጥሎ ከአመዱ ጋር አስተያየ። የእርሻው ሆኖ አገኘው።

ዝም ቢል ጠያቂ የለበትም። በስሙ ቢያወጣው ይመሰገንበታል። ቤቷ ሄዶ በቀስታ «ልክ ነበርሽ» ሊላትም አሰበ፤ ይህ ቀለል አለው። ነገር ግን ያ ሳቅ ትዝ አለው፤ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የአዳራሹ ሁሉ ሳቅ።

በጉባኤው ቀን አስጠራት። መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። እርሱም ከሊቃውንቱ መካከል ተነሥቶ የሩዙን ማስረጃ አሳየና «ይህን ያገኘችው እርሷ ናት። እኔ ሳላይ ሳቅሁ፤ እናንተንም አሳቅሁ» አለ። ከዚያም በዚያ ሽበቱ እስከ መሬት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። የሳቀ አልነበረም።

«ቃሌን መልሰውልኛል» አለችው ሴትዮዋ። «ዕድሜዬን ግን መመለስ አይችሉም።»

«አልችልም» አለ ሊቁ፤ ዕንባውም ወረደ።

አባ ኅሩይ ወደ ይርሳው ዘወር አሉ። «ያ ሊቅ አንተ ነህ፣ ልጄ፤ አዳራሹም እድርህ ነው። ጎረቤትህ የተዋረደው በጓዳ አይደለም፤ ሰው እየሰማ ነው። ይቅርታህን ሰው ካልሰማው አንተ ታርፋለህ እንጂ ለእርሱ ምን አደረግህለት? የወሰድህበትን ሁሉ መመለስ አይቻልህም። የምትችለውን ግን በወሰድህበት ቦታ መልስ። ደግሞም አትዘግይ። አፈር ይቆያል፤ ሰው ግን አይቆይም።»