የገበሬው ሁለት ድንች

አንድ ድንች አምራች ገበሬ ነበረ። ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም ጥላነሽ፤ «አባቴ ሁለት ጊዜ ከበሬ ኋላ ወድቆም እርሻ አልተውም አለ፣ እንዴት እናሳርፈው?» ነው ያልሽኝ። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ድንቹን እንብላ።

ይህ ገበሬ ማታ ድንች አልጫ ካልበላ የበላ አይመስለውም። እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ ገብቶበት፣ ድንቹ ፈርሶ ገንፎ እስኪመስል የተሠራውን። አንድ ክፉ ዓመት እህሉ ሁሉ ሲከዳው ልጆቹን ያተረፈለት ድንች ነበር። ስለዚህ እሱን ሲበላ ልቡም አብሮ ያርፋል።

በኋላ ስኳር ያዘው። እግሩ ላይ የወጣች ቁስል አልደርቅ አለች። የጤና ጣቢያ ነርሷ መድኃኒት ሰጥታ ድንች እንዲቀንስ ነገረችው፤ አለዚያ እግሩን ሊያጣ እንደሚችልም አልደበቀችውም። ሰማ፣ አመሰገነ፣ ቤቱ ገብቶ ድንቹን በላ።

ሚስቱ ፈራች። የፈራ ሰው ደግሞ ብልጥ የሆነ ይመስለዋል። ከገበያ አበባ ጎመን ገዛች፣ ያንን የበግ አንጎል የሚመስለውን። ቀቅላ፣ ደፍጥጣ፣ እርድና ቅቤውን አድርጋ ድንች ነው ብላ አቀረበችለት። መልኩ ቁርጥ ድንች።

ገበሬው አንዴ ጎረሰና እንጀራውን አየው። ድንች እንጀራ ላይ ረግቶ ይቀመጣል፤ ይሄኛው ውሃ ለቆ እንጀራውን አርሶታል።

«ይሄ ድንች ከየትኛው ማሳ ነው?» አላት።

«ከታችኛው።»

«የታችኛውን ገና አልቆፈርኩትም።»

እጁን ታጥቦ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት እየሄደ ይበላ ጀመር፣ ያውም ከበፊቱ አብልጦ። ቁስሏም ሰፋች።

ሚስትየው ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ድስቱን፣ ቢላውን፣ አንድ ሰፌድ ድንችና አንድ አበባ ጎመን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች።

«ዋሽቼሃለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «ዛሬ አንተ ሥራው። የፈለግከውን ያህል ድንች ጨምር። እግሩም ያንተ ነው፣ ድስቱም ያንተ ነው። እኔ ቅቤውን አላጓድልብህም።»

በዚያ አገር ወንድ ድስት አይነካም። በሩን ዘጋና መላጥ ጀመረ። አላላጡን ብታይ፣ ግማሹ ድንች ከልጣጩ ጋር እየሄደ የጠገበችው ላሟ ነች። ስድስት ላጠ። እግሩን አየ። ሁለቱን መለሰ። ቆየና ሌላ ሁለት መለሰ። ሁለት ቀሩ። አበባ ጎመኑ ውሃ መልቀቁ አናዶት ስለነበር፣ ከተቀቀለ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ እንደ አይብ አጠለለው። ሚስቱ ይህን አላሰበችውም ነበር። ከሁለቱ ድንች ጋር ደፈጠጠው፣ እንጀራው ላይ አወጣው። ረግቶ ተቀመጠ። በልቶ ጨረሰ።

ቁስሏ ወዲያው አልዳነችም፣ አልዋሽሽም። መድኃኒቱንም እየዋጠ፣ ወር ሲያልፍ ጠርዟ መድረቅ ጀመረ። ዛሬ ድንች ማሳው ዳር አንድ መስመር አበባ ጎመን ተክሎ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ «ይሄ እኔ ያመጣሁት ምግብ ነው» ይላል። ሚስቱ ትስቃለች እንጂ አታርመውም።

አየሽ ጥላነሽ፣ እንደነገርሽኝ ወንድሞችሽ ሞፈሩን ጎረቤት ቤት ደብቀው «ተሰበረ» አሉት። አባትሽ የተሰበረና የተደበቀ ሞፈር አይለይም ብላችሁ ነው? ያ ማሳ እናንተን ያሳደገበት ነው፤ ለአባትሽ ድንቹ ያ ማሳ ነው። ሞፈሩን መልሱለት፣ መዋሸታችሁንም ንገሩት። ከባዱን እርሻ ልጆቹ ይሥሩ፣ ዘሩን እሱ በእጁ ይበትን። ለራሱ የሚያስቀረውን ግን እናንተ አትቁረጡለት። ነገ ሂጂና «አባዬ፣ ዘንድሮ የትኛውን አንተ ታርሳለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ከዚያ ዝም በይ፤ ከባዱ እሱ ነው።

ስድስት ጥማድ አርሳለሁ ቢልሽ አትደንግጪ። ጉልበቱን እስኪያይ ጠብቂው።