አልደበዝዝ ያለው ስክሪን

አንድ ላፕቶፕ ጠጋኝ ነበረ። እጁ የተባረከ ነው፤ ለመፍረድ ግን ይቸኩላል።

መምህር ልሳነወርቅ እንዲህ ብለው ሲጀምሩ የትናየት ቀና ብላ አየቻቸው። የጠየቀቻቸው ስለ ሰው እንጂ ስለ ላፕቶፕ አልነበረም። እሷ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት ናት። ሃያ ዓመት ያገለገሉት እትዬ ዘነበች ጡረታ ሲወጡ፣ በቦታቸው ምንታምር የምትባል ወጣት መምህርት ተቀጠረች። ልጆቹ ወደዷት፤ ፊደሉንም ቶሎ ያዙ። ነገር ግን ክፍሏ ጩኸት በጩኸት ነው። ዘፈኑና ጭብጨባው ግራና ቀኝ ያሉትን ክፍሎች አላስተምር አለ። የትናየት በሩ ላይ ቆማ ታያታለች፤ ትሰማት እንደሆነ ብላ ሳል ሳል ትላለች፤ ስብሰባ ላይም ስም ሳትጠራ ስለ ጸጥታ ትናገራለች። ልጅቷ ፈገግ ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል። የትናየት የስንብት ደብዳቤውን አስጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች፤ አልፈረመችበትም። ከመፈረሟ በፊት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ የኖሩትን የሰፈሯን ሽማግሌ፣ መምህር ልሳነወርቅን፣ ልትጠይቅ መጣች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ የሚነገረውን የማይሰማ ሰው ይስተካከላል ወይስ በጊዜ ማሰናበት ይሻላል?

«ታገሺኝ» አሏት መምህር ልሳነወርቅ፣ «ወደ ሰውም እንደርሳለን።» ከዚያም ቀጠሉ።

ይህ ጠጋኝ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የያዘውን ሳይሠራ መልሶ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ በነጠላ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ታቅፈው ገቡ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ጥጃ ነው የሰበረው። ገመዱን በጥሶ በረንዳ ወጥቶ ጠረጴዛውን ገለበጠው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩት ራሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ነበሩ። ከጡረታ በኋላ አንድ ሥራ ይዘዋል፤ የአካባቢያቸውን ዕፅዋት ስም መመዝገብ። የትኛው ሣር ምን ይባላል፣ የትኛው ቅጠል የከብት ሆድ ያሽራል፣ የትኛው እንጨት ለሞፈር፣ የትኛው ለምሰሶ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ይጽፋሉ። ዐዋቂው ግን እሳቸው አልነበሩም። ዐዋቂዋ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። እህትየው ይናገራሉ፣ ወንድምየው ይጽፋሉ። ከአራት መቶ በላይ ስም ደርሰዋል፤ እህትየው ግን ገና ግማሹን እንኳ አልነገርኩህም ይላሉ። ሽማግሌው የሚፈሩት ታዲያ ጊዜውን ነበር። እህታቸው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንድ ጠዋት የልጅ ልጆቻቸውን ስም እያቀያየሩ መጥራት ጀምረዋል። ያልተጻፈው ከእሳቸው ጋር የሚሄድ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነገሩት። ዓይናቸው ታሟል። ሐኪሙ ኃይለኛ ብርሃን እንዳያዩ አስጠንቅቋቸዋል፤ እንዲያውም ካላረፉ ማንበብም ሊያቅታቸው እንደሚችል አልደበቃቸውም። ስለዚህ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ነው የሚጽፉት። ጠጋኙ ግድ የለም፣ ቀላል ነው፣ በሳምንቱ ይውሰዱት አላቸው።

ስክሪኑን ከአዲስ አበባ አስመጣ። ልኩ ልክ ነው፤ መሰኪያውም ልክ ነው። ገጠመው፤ ማሽኑን አስነሣው፤ ሥዕሉ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ወጣ። ጠጋኙ ደስ አለው። ከዚያ የሽማግሌው ነገር ትዝ አለውና ብርሃን የሚቀንሰውን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የምትታየው የብርሃን መለኪያ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አለች። ብርሃኑ ግን ንቅንቅ አላለም። የቀትር ፀሐይ መስሎ ቀረ። ጨመረ፤ ቀነሰ፤ ያው ነው።

ኬብሉን ለወጠ፤ ያው ነው። ፈታ፣ አጸዳ፣ መልሶ ገጠመ፤ ያው ነው። ለሻጩ ደወለና የተበላሸ ዕቃ እንደላከለት ነገረው። ሻጩ ፈትሼ ነው የላክሁት አለ፤ ጠጋኙ ውሸትህን ነው አለው፤ ስልኩ ተዘጋ። ሻጩ ግን ጨዋ ሰው ነበርና ከዚያው ዓይነት ሁለተኛ ስክሪን ላከለት። ጠጋኙ ገጠመው። እሱም እንደ መጀመሪያው አበራ፤ እንደ መጀመሪያውም እምቢ አለ።

ጠጋኙ አሁን ተናደደ። ሁለቱንም ስክሪኖች ደንቆሮዎች አላቸው። ቀጥሎ ያደረገውን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። የመኪና መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ላስቲክ ቆርጦ ስክሪኑ ላይ ለጠፈበት። ሽማግሌው በቀጠሯቸው መጥተው አዩት። ብርሃኑ ቀንሷል፤ ፊደሉም አብሮ ጠፍቷል። «ልጄ፣ ይህ እኮ የሚኒባስ መስኮት ነው» አሉት። ላስቲኩ ተላጠ። ሽማግሌው ጥቁር መነጽር አድርገው ቤታቸው ይሞክሩት ተባለና ይዘውት ሄዱ። በዚያው ሳምንት ሦስት ስም ጽፈው ዓይናቸው አብጦ ተኙ። እህትየው ስም ሊነግሩ ይመጣሉ፤ የሚጽፍ የለም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንድምና እህት ላፕቶፑን ይዘው አብረው ወደ ሱቁ መጡ። ሽማግሌው ጥቁሩን መነጽር እንዳደረጉ ናቸው። እህትየው ደግሞ መጽሐፋችንን የያዘብን ሰው ማን እንደሆነ ልየው ብለው ነው የመጡት። ጠጋኙ ሲያያቸው አፈረ። ላፕቶፑን እንዳለ መልሶ፣ እዚህ ከተማ የሚሠራው የለም ሊላቸው ወስኗል። ይህ ለእሱ ከባድ ቃል ነበር። ቢሆንም እንግዳ ናቸውና አስቀድሞ ለእህትየው በርጩማ አቀረበ።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

እህትየው መልስ አልሰጡም። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የኬብል ብዛት እያዩ ቆሙ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ፤ ዝም። በሦስተኛው መናኸሪያው ድረስ እስኪሰማ ጮኸ፤ እህትየው ኬብሉን እያዩ ነው። ጠጋኙ በልቡ፣ ወይ ተቀይመውኛል ወይ አእምሯቸው ደክሟል አለ። እንዲህ ካሉ ሴት አፍ ምን መጽሐፍ ይወጣል ብሎም አዘነላቸው።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እታለም በቀኝ ጆሮዋ አትሰማም፤ ልጅ ሆና ታማ ነው። የመናኸሪያው ጫጫታ ባለበት ግራዋም ከቅርብ ካልሆነ አይለይም፤ በግራዋ በኩል ዙርና ጠጋ ብለህ ንገራት። መጮኽም አያስፈልግህ።»

ጠጋኙ ዞሮ በተራ ድምፅ «እማማ፣ ይቀመጡ» አለ።

«እቀመጣለሁ እንጂ» አሉት ወዲያው። «ስትገትረኝ ቆይተህ አሁን ነው ትዝ ያልኩህ?»

ተቀመጡ። የተቀመጡበትን በርጩማ በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ ዋንዛ መሆኑን፣ የተቆረጠው ግን ሳይደርስ መሆኑን፣ ስለዚህም ገና ሁለት ክረምት ሳያልፍ እንደሚሰነጠቅ ነገሩት። ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አንዱ እግር መሰንጠቅ ጀምሯል። አእምሯቸው እንኳን ሊደክም ከእሱ ይበልጥ የነቃ ነበር። እሱ ነው እስካሁን በማይሰማው ጆሯቸው ሲጮኽ የቆየው።

ጠጋኙ ሊናገር ያሰበውን ትቶ ቆመ። ላፕቶፑን አየ። ያን ሁሉ ቀን ደንቆሮ ሲለው የከረመውን ስክሪን አየ። ከዚያም ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረበትን አደረገ፤ ስለ ስክሪኑ የተጻፈውን ፈልጎ አንብቦ አያውቅም ነበርና፣ የአሮጌውንም የአዲሱንም ቁጥር ይዞ ተቀመጠና የሁለቱን መግለጫ መስመር በመስመር አነበበ።

የሚለያዩት በአንድ ነገር ነበር። አሮጌው ስክሪን ስለ ብርሃኑ የሚታዘዘው ለዚህ ብቻ በተመደበች አንዲት ቀጭን ሽቦ በኩል ነበር። አዲሱ ያቺን ሽቦ ጭራሽ አይሰማባትም፤ ትእዛዙ በሌላ መስመር እንዲመጣለት ይጠብቃል። ለማሽኑ ደግሞ ስክሪኑ መለወጡን የነገረው የለም። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር በአሮጌዋ ሽቦ «ቀንስ» ይላል፤ ስክሪኑ የታዘዘለት መስሎት መለኪያውን ዝቅ ያደርጋል። በዚያች ሽቦ ጫፍ ላይ ግን የሚሰማ የለም። ሁለቱ ስክሪኖች ጤነኞች ነበሩ። ማሽኑም ጤነኛ ነበር።

ጠጋኙ መፍቻ አላነሣም። የማሽኑን ማስጀመሪያ ሴቲንግ ከፍቶ የብርሃኑ ትእዛዝ በሌላኛው መስመር እንዲሄድ አንድ ዐረፍተ ነገር የማትሞላ ነገር ጻፈ። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣው። ቁልፉን ተጫነ። ብርሃኑ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ደግሞ ተጫነ፤ ዝቅ አለ። እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ሄዶ ፊደሉ ብቻ ለስለስ ብሎ ቀረ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ የሚያዩትን ነገር እንዳላመኑ፣ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ዓይናቸውን አላሳከካቸውም፤ አላስነባቸውም። ለእህታቸው ሊያሳዩ ዞር ሲሉ እህትየው ቀድመው «ስንት ደርሰን ነበር?» አሏቸው። አራት መቶ አሥራ ሰባት ብለው መለሱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ እየገባ እየወጣ፣ ስድስት ስም ጻፉ። ጠጋኙ ሊያባርራቸው ሳይሆን ሊሰማቸው ሥራውን አቆመ።

በማግሥቱ ለሻጩ ደወለ። ዕቃህ ጤነኛ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩህንም ይቅር በለኝ አለው። ሻጩ ስቆ ይቅር አለው። ወንድምና እህትም መጽሐፉን ከሁለት ክረምት በኋላ ጨረሱት። ሲያልቅ እህትየው በሕይወት ነበሩ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብበውም አሥራ አንድ ስሕተት አገኙበት።

መምህር ልሳነወርቅ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያም ወንበራቸውን ወደ የትናየት አዞሩ።

«አሁን ወደ ሰውሽ እንምጣ» አሏት። «ልጅቷ ጩኸት ታበዛለች አልሽኝ። በር ላይ ስትቆሚ አይታ የማይገባት፣ ስትስይም የማትሰማ ናት አልሽኝ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ጠርተሽ አስቀምጠሽ፣ ጎረቤት ክፍል እየተረበሸ ነውና ከአራት ሰዓት በኋላ ዘፈኑን ወደ ግቢው አውጪው ብለሻት ታውቂያለሽ?»

የትናየት ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ በግልጽ አላለቻትም። መናገር ያለባት አልመሰላትም ነበር። «እትዬ ዘነበች እኮ፣ መምህር፣ በር ላይ መቆሜ ብቻ ይበቃቸው ነበር» አለች። «ዞር ብለው ሲያዩኝ ክፍሉ ጸጥ ይላል።»

«ዘነበች ሃያ ዓመት አብራሽ ሠርታለች፤ ዓይንሽን ታነባለች» አሉ መምህር። «ያቺ ቀጭን ሽቦ በሁለታችሁ መካከል የተዘረጋች ነበረች። ይህቺ ልጅ ከሌላ ቤት የመጣች ናት። ርእሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ወዳኛለች ማለት ነው ብላ ይሆናል ፈገግ የምትለው። ስትስይ ደግሞ ጉንፋን ይዟታል ብላ ታዝንልሽ ይሆናል። እኔ ልጅቷን አላውቃትም። ነግረሻት እምቢ ካለች ያን ጊዜ ፈርሚ፤ ደብዳቤው የትም አይሄድም። አምስት ቀን አለሽ፤ ቃል ለመናገር ግማሽ ሰዓትም ይበቃል። መለወጥ ያለበት ስክሪኑ ነው ብሎ ሁለት ስክሪን የለወጠውን ሰው አትሁኚ፤ ሦስተኛዋም መጥታ በር ላይ ብትቆሚ አይገባትም።»

የትናየት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ከኀፍረት ጋር ነበር። «ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ስነግራት የከረምኩት ነገርስ?»

«ስትናገሪ ከርመሻል» አሉ መምህር ልሳነወርቅ። «ስትናገሪ የከረምሽው ግን ለዘነበች ነው።»