የጎተራው አይጦችና ልጅ የሌለው ቢተው

ስሙኝማ! «እንስማህ» በሉኝና ልጀምር።

በድሮ ዘመን፣ አይጥ ሸንጎ ተቀምጣ ስትፈርድ፣ ጎተራም ሲያመው «ኧረ!» ብሎ ሲጮኽ፣ በአንድ ባላገር ጎተራ ውስጥ አይጦች ይኖሩ ነበር። ይበላሉ፣ ይወልዳሉ። ይወልዳሉ፣ ይበላሉ። ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

የሸንጎው ሰብሳቢ አያ ጥጋቡ ነበር። በዚያ አገር ደንብ በሸንጎ አፉን የሚከፍት ልጅ ያለው ብቻ ነው፤ ብዙ የወለደ ብዙ ይናገራል። አያ ጥጋቡ የልጆቹን ስም አያውቅም፤ ብዛታቸውን ግን ማንም ሳይጠይቀው ያወራል። ስማቸውን የምታውቀው ሚስቱ እመት ፈለቁ ናት።

ቢተው የሚባል አይጥም ነበር። ልጅ የለውም። ሊያገባ አስቦ መጀመሪያ መተኛ ቦታ ፈለገ፤ ቦታ ጠፋ። ሌሎቹ ቦታ ሳይፈልጉ ወለዱ። ልጆቻቸውም ጅራቱ ላይ ተኙበት።

አንድ ቀን ጎተራው «ኧረ ጎኔን! ልፈነዳ ነው!» ብሎ አቃሰተ። ሸንጎው ያልሰማ መስሎ መብላቱን ቀጠለ። ቢተው ግን ደንቡን ረስቶ ተነሣ።

«ጎበዝ፣ ቤቱ ጠቧል። መዋለዱን ጋብ እናድርገው፤ ካልሆነም ከፊላችን ሌላ ቤት እንፈልግ» አለ።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

«መካን ስለ አልጋ ሊያስተምረን!» አለ አያ ጥጋቡ። «ጠበበኝ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኛን አልጠበበንም። እንግዲያው የጠበበው ይውጣ። ልጅ ስለሌለህ የሚያለቅስልህም የለም፤ ለኛም ይቀለናል።»

ፍርዱ ጸና፤ ቢተው ወጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ዝናቡ ሳይወርድ ጣሪያ ካላገኘ ጎርፍ ይወስደዋል።

መጀመሪያ የጎተራው ባለቤት ዘንድ ሄደ።

«ጌታው፣ ከአልጋዎ ሥር አንዲት ጥግ ይስጡኝ።»

ባላገሩ ለልጁ ስንቅ እያሰረ ነበር። «የምን ጥግ! ልጄን ወደ ከተማ የምሰደው ምን ሆኜ ይመስልሃል? መሬቱን ለእሱና ለወንድሞቹ ስሸነሽነው በሬው መዞሪያ አጣ። ሲዞር የጎረቤት ማሳ ይረግጣል፤ ነጋ ጠባ ሙግት ነው። ልጆቹ ሲወለዱ ቄሱ ‹ብዙ፣ ተባዙ› ብለው መረቁኝ። ማሳውን ግን መርቀው አላባዙልኝም!»

ቢተው መንገዱን ቀጠለ። መንገድ ዳር ጭጎጎትን አገኘ፤ ያቺን ፍሬዋ ከልብስ የማይላቀቀውን አረም።

«እመት ጭጎጎት፣ ከሥርሽ ልጠለል?»

«ከሥሬማ ለልጆቼም ቦታ የለ። እግሬ ሥር የወደቀውን ልጅ የገዛ ጥላዬ ይገድለዋል። ስለዚህ ባገኘሁት የፍየል ጭራ ላይ እየለጠፍኩ እሰዳቸዋለሁ። እስቲ ዞር በል።»

«ለምን?»

«ዝም ብለህ ቂጥህን አዙር!»

ዞረ። ልጆቿን ቂጡ ላይ ለጠፈችበት። «ደህና ግቡ የኔ ዓለም! በደረሳችሁበት ተበተኑ እንጂ አትከመሩ!»

«ልጅ የለህም ተብዬ ተባረርኩ፤ ይኸው የጭጎጎት ልጅ ተሸክሜ እሄዳለሁ» አለ ቢተው።

ጥቂት እንደ ሄደ ከአንድ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ የንብ መንጋ እንደ ጆንያ ተንጠልጥሎ አየ። መሐሉ ላይ ክንፏ የነተበ አሮጊት አውራ ንብ ነበረች።

«እማማ፣ እናንተንስ ማን አባረራችሁ?»

«ማን ደፍሮ? ራሴ ወጣሁ። ቀፎው ሲጠበን ቤቱን ከነማሩ ለልጄ ለቀቅኩላት።»

«አሮጊት ትወጣለች? ልጅ ትቀራለች?»

«ቤቱን ያጠበበው ማን ሆነና? የፈለፈልኩት እኔ! መንገድ አውቃለሁ፣ ተከታይም አለኝ። የትናንቷን ልጅ ዝናብ ላይ ልጣላት? ነውር አይደለም?»

ቢተው ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። «እኛ ዘንድ ነውሩ መናገሩ ነው» አለ።

«በል አታልቅስ። ከዋንዛው ሥር ጃርት ለቃው የሄደችው ጉድጓድ አለ፤ ግባ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ቢተው ገባ። የጭጎጎት ልጆችም ደጁ ላይ ረግፈው በቀሉ።

ክረምቱ ሲበረታ አይጦቹ የቦረቦሩት ጎተራ «አላልኳችሁም!» ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። እህሉ ጭቃ ላይ ፈሰሰ፤ ድመት መጣች። ከድመት የተረፉት በጎርፉ እየዋኙ ዋንዛው ሥር ደረሱ።

«ቢተው ወንድሜ!» አለ አያ ጥጋቡ ከሁሉ ቀድሞ። «ደምህ ነን እኮ!»

ቢተው ብቅ አለ። ጉድጓዱን አየ፣ ሰልፉን አየ። ሁሉን አይችልም። ያ ፍርድ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም።

«እዚህ የሚሠራው የንብ ደንብ ነው» አለ። «ልጅ ይገባል፤ ወላጅ ከጎን የራሱን ይቆፍራል። አያ ጥጋቡ፣ ልጆች አሉህ?»

አያ ጥጋቡ ዝናቡን አየ፣ ጥፍሩን አየ። በዕድሜው ቆፍሮ አያውቅም።

«እኔ? ልጅ? ኧረ ሴት ነክቼ አላውቅም!»

ከኋላው የቆሙት ልጆቹ ተያዩ።

«ልጅ ከሌለህማ የሚያለቅስልህም የለም፤ ደጅ ቁም» አለ ቢተው። «አንቺስ፣ እመት ፈለቁ?»

«እኔ ወልጃለሁ» አለች። «እነዚህ ሁሉ የኔ ናቸው። እነሱ ይግቡ፤ እኔ እቆፍራለሁ።» ወዲያው ጭቃውን ትጭር ጀመር።

ልጆቿ ይህን ሲያዩ አልገቡም። ከእናታቸው ጎን ተሰልፈው ቆፈሩ። በብዙ ጥፍር ቤቱ ቶሎ ተበጀ። ይኼኔ አያ ጥጋቡ ወደ አዲሱ ቤት እግሩን አነሣ። ታላቂቱ ልጅ በሩ ላይ ቆመች።

«ማንን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«አባትሽ ነኝ እንጂ!»

«የኛ አባት ወላድ ነበር። እርስዎ ሴት ነክተው የማያውቁ ድንግል ነዎት። ገዳሙ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በዚያ በኩል ይሻገሩ።»

ቢተው ከጉድጓዱ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። ራራለት ልላችሁ ነበር፤ አልራራም። ጆሮውን ከድኖ ተኛ።

ለዚህ ነው የዱር አይጦች እስከ ዛሬ እንዲህ የሚሉት፦

መካን ብሎ ያባረረ፣
ልጁን ክዶ ደጅ አደረ።