የኤሊ ምስክርነት

ተረቴ ከማዶ ነው፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ጃርትና ከርከሮ ጎን ለጎን ጎደሬ እየተከሉ ሲኖሩ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ድንበር ተጣሉና ዳኛው ጉሬዛ ፊት ቆሙ። ጉሬዛ ሁለቱንም ሰምቶ፣ «ወሰኑ ሲካለል የነበረች ኤሊ ብቻ ናት። እንደ ወጋችን ለመሐላ ጓል አፈር ተሸክማ ትምጣና ወሰኑን ረግጣ ታሳያችሁ። እስከዚያ ማናችሁም ማሳው ውስጥ እንዳትገቡ» አላቸው።

ኤሊ የምትኖረው ሩቅ ቆላ ወንዝ ዳር ነበር። ከርከሮ «በጀርባዬ አዝዬ ላምጣት» ቢል፣ ጃርት «መንገድ ላይ ቃል ልታስጠናት ነው» ብሎ እምቢ አለ። ጃርት «እንግዲያው እኔ ልሂድ» ሲል ደግሞ ከርከሮ «አንተማ ትብሳለህ» አለው።

ስለዚህ ኤሊ የዳኛው ጥሪ ሲደርሳት በገዛ እግሯ ተነሣች።

ክረምቱ ገባ፣ ዘነበ፣ ወጣ። ሁለቱ ባላንጣዎች ማሳቸው ዳር ተፋጠው ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላው እንዳይገባ ሲጠብቅ፣ ጎደሬው የሚኮተኩተው አጥቶ አረም ዋጠው። ረሃቡ መጀመሪያ የከርከሮን ግልገሎች ወሰደ፣ ቀጥሎ የጃርትን ልጆች፣ በመጨረሻም አባቶቹን።

ኤሊ በበጋ ደረሰች። ጓሉን ከጀርባዋ አራግፋ፣ «ድንበሩ ይኸው። ወዲህ የጃርት፣ ወዲያ የከርከሮ ነው» ብላ ማለች።

ግራ ቀኟን ብታይ ሁለቱንም ማሳ የሸፈነው አንድ ዓይነት አረም ነው።

ተረቴን እዚያው ጓሉ አጠገብ ትቼው መጣሁ፤ የሚያነሣው ካለ ያንሣው።