የሰርጉ ድንኳን የኋላ በር

«ያመመኝ ኩላሊቴ፣ የሚፈልጉት ልቤን! እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ መምህር!»

ብርዛፍ ይህን ያለችው የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ኮሪደር ላይ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነው። ከደረጃው እስከዚህ ድረስ ስትመጣ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ፊት ለፊቷ «የልብ አልትራሳውንድ» የሚል በር አለ። ሐኪሙ ሳንባዋ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ሳይጨምር አልቀረም ብሎ ነው የላካት። እሑድ ልጇን ትድራለች። እዚያ ከገባች አስተኝተው ሰርጉን የሚያስቀሩባት መስሏታል።

መምህር ጥላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በእጥበት ቀን አልጋቸው ከአልጋዋ ጎን ነው።

«ለመሆኑ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ ወይስ ልጅሽ?»

«እኔ ነኛ! እስክስታውን ማን ሊወርደው ነው?»

«በዚህ ትንፋሽ? ነይ ተቀመጪ።»

ልትሄድ ነበር። ግን ተቀመጠች።

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ። «ሀብታም ነው። ልጁን ሲድር ትልቅ ድንኳን ጣለ። እንግዳው በፊት በር ይገባል፣ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆ በኋላ በር ይወጣል። እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ ድግሱ ሳምንት ይዘልቅ ነበር። ሰውየው ግን አንድ አመል ነበረበት። እንግዳ ሲነሳበት አይወድም። ‹በሞቴ! ምን በልተህ?› እያለ ይለምናል። ልመናው ሲያደክመው ሄዶ የኋላውን በር በገመድ ጠፍሮ አሰረው።

«የበላው አልወጣም። ያልበላው መጣ። መቀመጫ ሲጠፋ መተላለፊያው ውስጥ ሳይቀር አግዳሚ ደረደሩ። ያ ጠባብ መንገድ ጭራሽ ጠበበ።

«ፊት በር ላይ እንግዳ የሚያስገባ አንድ ጎረምሳ ቆሟል። መጀመሪያ በፈገግታ ነበር የሚያሳልፋቸው። ኋላ በእጁ። ኋላ በትከሻው። የሙሽራዋን አክስትማ በጉልበቱ ነው ያስገባት።»

«አክስትየዋ ምን አደረገችዎት!»

«ጠግባ መጥታ ነበራ፣ ከሌላ ሰርግ።»

ብርዛፍ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። መምህሩ እስክትረጋጋ ጠበቋት።

«ጎረምሳው አላማረረም። ሰርግ ነው፣ ደስታ ነው ብሎ ገፋ። ትከሻው አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ። ደጅ የቆሙት ‹ምን ዓይነት ሰነፍ ነው!› አሉት። ባለ ድግሱም ሊቆጣው መጣ። ‹አንተ!› ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ሲያሳርፍ የጎረምሳው ልብ እንደ ከበሮ ሲደልቅ ተሰማው። ቁጣው አፉ ላይ ቀረ። ጎረምሳው እንግዳ የሚገፋበትን መንገድ በዓይኑ ተከተለ፤ መተላለፊያውን፣ የታጨቀውን ድንኳን፣ እስከ ታሰረው በር ድረስ። የፊቱን ያደከመው የኋላው ነው።

«ከሥጋ ቆራጩ እጅ ቢላዋ ነጠቀ። ሰዉ ደነገጠ። እሱ ግን ሮጦ የድንኳኑን ሸራ ከላይ እስከ ታች ቀደደው።

«ጠግቦ የታፈነው ሁሉ እየጨፈረ ወደ ሜዳው ፈሰሰ፤ ሙሽሮቹም አብረው። አግዳሚዎቹ ተነሱ። የጎረምሳው ትንፋሽ ወዲያው አልተመለሰም። ሲመለስለት ግን እሱም ጨፈረ።»

መምህሩ ወደ ብርዛፍ ዞሩ።

«ድንኳኑ አንቺ ነሽ። የኋላው በር ኩላሊትሽ ነው፤ አንቺ አልዘጋሽውም፣ ተዘጋብሽ። እንግዳው የምትጠጪው ውሃ ነው። መተላለፊያው ሳንባሽ ውስጥ ያለው የደም መንገድ፣ ጎረምሳው ልብሽ። የእጥበት ማሽኑ ሸራውን የሚቀድልሽ ቢላዋ ነው። ታዲያ የጎረምሳው ደረት ላይ እጁን ያላሳረፈ ሐኪም፣ ልብሽ ምን ያህል እየገፋ እንደሆነ በምን ይወቅ?»

ብርዛፍ ወደ በሩ አየት አደረገች።

«እንግዳው ውሃ ብቻ ነው?»

«ጠላም ይገባል።»

«ለመቅመስ እኮ ነው! ባለ ድግስ ሳይቀምስ ያቀርባል?»

«ስንት ነው የቀመሽው? አንድ ብርጭቆ?»

«ጣሳ» አለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

ኮሪደሩን በሳቅ ሞሉት። በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች።

«እማማ ብርዛፍ፣ እርስዎን እየጠበቅን ነው እኮ!»

«እሑድ ልጄን እድራለሁ። እንዳታስተኙኝ!»

«መጀመሪያ ይታዩ እንጂ። ደግሞ እኔን ሳይጠሩ?»

ብርዛፍ ተነሳች። ነጠላዋን አውልቃ መምህሩ ጭን ላይ ጣለችው።

«ይያዙልኝ። እሑድ እስክስታውን ከእኔ ጋር ነው የሚወርዱት፣ አመልጣለሁ እንዳይሉ!»

የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ትከሻዋን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ሰበቀችላቸው። ገባች። በሩ ተዘጋ።