ድምፅ አልባዋ መኪናና ሽማግሌው ውሻ

ኑ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። ተረት ላወራችሁ ነው። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ አፍ እሰጣችኋለሁ።

ሰውና እንስሳ፣ ዕቃም ጭምር፣ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ወንድይራድ የሚባል ባለ ወፍጮ ነበር። ሠላሳ ዓመት እህል ሲፈጭ ኖሯል። ወፍጮው ከጧት እስከ ማታ ይጮሃል። ወንድይራድም ከወፍጮው በላይ እየጮኸ ከባለ እህሎቹ ጋር ይነጋገራል። ማታ ቤቱ ሲገባ የወፍጮው ጩኸት በጆሮው ውስጥ አብሮት ይገባል። ሲበላ ይጮህበታል። ሲተኛም ይጮህበታል።

ይህ ሰው አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ናፍጣ የምትጠጣ፣ ጥቁር ጭስ የምትተፋ፣ ጧት ስትነሳ እንደ ጉንፋናም ሰው የምትስል መኪና ናት። ገና ከከተማው ጫፍ ስትመጣ ሰዉ «ወንድይራድ መጣ» ይላል። ዶሮዎቹ ከመንገድ ይነሳሉ። አህዮቹ ጥግ ይይዛሉ። በሩ ሥር የሚተኛው ውሻም ቀስ ብሎ ይነሳና ቦታ ይለቃል።

ውሻው ተዋቸው ይባላል። አርጅቷል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ሸፍኗቸዋል። ዓለምን የሚያውቃት በጆሮው ነበር። ከግቢው እንስሳት ሁሉ ጌታውን «አንተ» እያለ የሚያናግረው እሱ ብቻ ነው። አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋልና።

አንድ ቀን ወንድይራድ ሚስቱን በላይነሽን እንዲህ አላት።

«ጩኸት ሰለቸኝ። በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና መጥታለች አሉ። ነዳጅ አትጠጣም፣ አታጨስም፣ ድምፅም የላትም። እሷን አመጣለሁ።»

«ድምፅ ከሌላት መምጣቷን በምን እናውቃለን?» አለችው።

«ስደርስ ታዩኛላችሁ» አላት።

ሄደ። አመጣትም። ነጭ ናት፤ እንደ ታጠበ ሳህን ታበራለች። ግቢው ውስጥ ስትቆም ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ በእጁ ዳሰሳት። አንዱ አጎንብሶ ጭስ ማውጫዋን ፈልጎ አጣ።

አሮጌዋን መኪና ሌላ ሰው ሊወስዳት መጣ። ከግቢው ከመውጣቷ በፊት ወደ አዲሷ ዞር ብላ፣ እየሳለች፣ «እህቴ፣ እዚህ ቤት ደግ ሰዎች ናቸው ያሉት። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ከመንቀሳቀስሽ በፊት ድምፅሽን አሰሚ። ሽማግሌው ውሻ አያይም» አለቻት።

አዲሷም «እሺ እህቴ፣ አሰማለሁ» አለች።

አላሰማችም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ወንድይራድ እንደ ሙሽራ ሆኖ ሰነበተ። አሮጌዋ ስታቃስት የምትወጣውን ዳገት አዲሷ ቁልቁለት እንደሆነላት ሁሉ ትወጣዋለች። ማታ ከግድግዳው ጋር በገመድ ያገናኛታል፣ ጧት ጠግባ ትጠብቀዋለች። የሚጨነቀው መብራት የጠፋ ዕለት ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ደስ ያሰኘው ግን ዝምታዋ ነበር። አንድ ቀን ከበላይነሽ ጋር ሲሄዱ አጠገቡ የሆነ ዜማ ሰማ። ሚስቱ በለሆሳስ እያንጎራጎረች ነበር።

«መንገድ ላይ ታንጎራጉሪያለሽ እንዴ?» አላት።

«ሁልጊዜ» አለችው።

ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን አያውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ዝምታ ማንም እንዳይነካበት ፈለገ።

መኪናዋ ግን ፈጽሞ ድምፅ የላትም ማለት አልነበረም። በዝግታ ስትሄድ እንደ ንብ «እምምም» ትል ነበር። ወንድይራድ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«ሰሪዎቼ የሰጡኝ ድምፅ ነው ጌታዬ። ሰውና እንስሳ መምጣቴን እንዲያውቁ ነው።»

«እኔ ያመጣሁሽ ለዝምታሽ ነው። ካላዘዝኩሽ በቀር እንዳትናገሪ» አለና አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ድምፅዋን ዘጋው።

መኪናዋ የአሮጌዋን ምክር አስታወሰች። ነገር ግን ለቤቱ እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ መወደድ ይፈልጋል። «እሺ ጌታዬ» አለች፣ ዝምም አለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ዶሮ ስድስት ጫጩቶቿን ይዛ በሩ ደጃፍ አፈር ትጭር ነበር። ምንም አልሰማችም። ቀና ስትል ነጩ ነገር አጠገቧ ደርሷል። ክንፏን ዘርግታ ጫጩቶቿን ገፋች። አምስቱ አመለጡ፣ አንዷ ቀረች።

ዶሮዋ ወንድይራድ ፊት መጥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ስድስት ነበሩ፣ አምስት ሆኑ። አሮጌዋ ስትመጣ እንሰማት ነበር። ለአዲሷ ድምፅ ይስጡልን።»

«አዝናለሁ» አለ ወንድይራድ። «ግን ልጆችሽን ከመንገድ አርቀሽ አሳድጊ።»

ዶሮዋ አምስቱን ይዛ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት አህያ ሁለት ከረጢት ስንዴ ተጭና ወደ ወፍጮ ቤት ትሄድ ነበር። ከኋላዋ ምንም አልሰማችም። ድንገት ነጭ ነገር በጎኗ ሲያልፍ በርግጋ ቦይ ውስጥ ወደቀች። ከረጢቱ ተቀደደ። ባለቤቷ ባልቴት ተንበርክካ ስንዴውን ከጭቃ ስትለቅም ዋለች።

ወንድይራድ ክፉ ሰው አልነበረም። ለባልቴቷ ከራሱ እህል ሁለት ከረጢት ሙሉ ሰጣት። ነገሩ ያለቀ መሰለው። አህያዋ ግን እያነከሰች መጣች።

«ጌታዬ፣ ስንዴውን ይተኩልን አላልኩም። ድምፅ ይስጡን ነው የምለው። ከኋላ የሚመጣውን ሳላውቅ መሄድ ፈራሁ።»

«ትለምጅዋለሽ» አላት።

አህያዋ ጆሮዋን ጥላ ተመለሰች።

ሽማግሌው ተዋቸው ደግሞ ከመኪናዋ ጋር መተዋወቅ ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ ጎማዋን አሸተተ። ናፍጣ ናፍጣ የሚል ሽታ አጣ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ምንም የለም።

«አለሽ?» አላት።

«አለሁ» አለችው ቀስ ብላ፤ ጌታዋ እንዳይሰማ።

«ደህና። ሞተሽ መስሎኝ ነው። አሮጌዋ ስትቆም እንኳ ብረቷ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ሆዷም ይሞቃል። ብርድ ሲሆን ሥሯ ነበር የምተኛው።»

«እኔም ገመድ ላይ ስሆን ከሥሬ ትንሽ እሞቃለሁ። ና ከፈለግህ» አለችው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሽማግሌው ከኋላ ጎማዋ አጠገብ መተኛት ጀመረ። እሱ ስለ ድሮ ዘመን፣ አጥሩን በአንድ ዝላይ ስለሚያልፍበት ጊዜ ያወራላታል። እሷ ታዳምጠዋለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ያገኘችው ወዳጅ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተዋቸው ጌታው እግር ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

«ወንድይራድ» አለው፣ «ዶሮዋ ለመነችህ፣ እምቢ አልካት። አህያዋ ለመነችህ፣ እምቢ አልካት። እኔ እንደነሱ ብዙ አልለምንህም። መንገዱ ላይ ዝም ትበል። እዚህ ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ስትነሳና ስትገባ፣ ትንሽ ድምፅ ታሰማ። ዓይኔን ታውቀዋለህ።»

ወንድይራድ የውሻውን ራስ ዳሰሰው። ልቡ ራራ።

«እሺ፣ ነገ እከፍትላታለሁ» አለው።

በማግሥቱ ረሳ። በሦስተኛው ቀን ከሩቅ የመጣ የሥጋ ዘመድ መኪናዋን ሊያይ ገባ። ወንድይራድም ዝምታዋን ሊያሳየው ፈልጎ «ዛሬ ይቅር» አለ። በአራተኛው ቀን ጧት የወፍጮው ቺንጋ፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ የሚል መልእክት መጣበት። ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፏል፣ ወፍጮው ቆሟል። ወንድይራድ ቁርሱን ትቶ ተነሳ። ገመዱን ነቀለ፣ መኪናዋ ውስጥ ገባ፣ ወደ ኋላ ሊያወጣት ማርሽ አስገባ።

መኪናዋ ከጀርባዋ ባለው ዓይኗ ተመለከተች። ሽማግሌው ጎማዋ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ልናገር» አለች በልቧ። «አትናገሪ ተብያለሁ። ግን ውሻው አለ። ብናገር ይቆጣኝ ይሆን?»

ይህን ስታስብ ጎማዋ መዞር ጀመረ።

«ጌታዬ» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ወንድይራድ ከሥሩ አንድ ነገር ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ተሰማው። ከረጢት የረገጠ መሰለው። አቁሞ ወረደ።

ተዋቸው አፈሩ ላይ ተጋድሟል። ወንድይራድ ተንበርክኮ ራሱን በጉልበቱ ላይ አደረገለት። በላይነሽ ከቤት ሮጣ ወጣች፣ ባየችው ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ወንድይራድ፣ አንተ ነህ?» አለ ውሻው።

«እኔ ነኝ።»

«ምንም አልሰማሁም። ገና ቁርስ ላይ ያለህ መስሎኝ ነው።»

ወንድይራድ የውሻውን ጆሮ ዳሰሰ። «ነገ ብዬህ ነበር» ሊል አሰበ፣ ተወው።

«አንተን አልወቅስም» አለ ተዋቸው። «አርጅቻለሁ። ድሮ ቢሆን በጠረን እነቃ ነበር።»

ትንሽ ተነፈሰ፣ ከዚያ መተንፈሱን ተወ።

ወንድይራድ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ ተነስቶ መኪናዋ ፊት ቆመ።

«ታዪው ነበር?»

«አየው ነበር ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተናገርኩ፣ ግን ዘገየሁ። ትእዛዝዎን ሳስብ ዘገየሁ። ካልታዘዝኩ የሚጠሉኝ መሰለኝ። ወዳጄ ነበር፣ ጌታዬ። ከወዳጅነቴ ይልቅ ፍርሃቴ በለጠ።»

ወንድይራድ ሊሰድባት አፉን ከፈተ። ከዚያ በላይነሽን አየ። ዓይን ዓይኑን ተመለከተችው፣ እሱም አፉን መልሶ ዘጋ።

ያን ቀን ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት ዋለ። ወንድይራድ ከግቢው ጥግ፣ ከብሳናው ዛፍ ሥር፣ ለውሻው ጉድጓድ ቆፈረ። ዶሮዋ አምስት ጫጩቶቿን ይዛ ራቅ ብላ ቆመች። አህያዋም ከአጥሩ ማዶ አንገቷን ዘርግታ አየች። ማንም «ነግሬህ ነበር» አላለም። እሱ ግን የሁሉንም ልመና አንድ በአንድ ሰማው፤ የዶሮዋን፣ የአህያዋን፣ የውሻውን።

አፈሩን መልሶ ሲጨርስ ወደ መኪናዋ ሄዶ ያቺን ቁልፍ ተጫነ። መኪናዋ ከቦታዋ ስትነቃነቅ «እምምም» አለች። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ሰብስባ ዞር አለች። አህያዋ ጥግ ያዘች።

«ይኸው፣ ሰሙሽ» አለ ወንድይራድ።

«አዎ» አለች መኪናዋ። «ይህችን ያህል ነበር የለመኑን።»

ከዚያ በኋላ መኪናዋ እዚያው ቤት ኖረች። አልሸጣትም፤ ጥፋቱ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ያውቅ ነበርና። ዳገቱን እንደ በፊቱ ትወጣለታለች፣ በላይነሽም አጠገቡ ታንጎራጉራለች። ወንድይራድ ግን ያ የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ አልተመለሰለትም። ጧት ጧት ከመግባቱ በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ይዞራታል። ከኋላ ጎማዋ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ይዞ ያጎነብስና ሥሯን ያያል። የሚያዩት ጎረቤቶች ጎማ የሚመረምር ይመስላቸዋል። እሱም «አዎ፣ ንፋሱን ልይ ብዬ ነው» ይላቸዋል። ከዚያ ቀና ይላል፣ ሥሯ ባዶ እንደሆነ እያወቀ፣ በማግሥቱም እንዲሁ ያጎነብሳል።

ተረቴ ይኸው ነው። የሰማችሁ ሂዱና ለቤታችሁ ንገሩ፦ ዝምታ ለተቀመጠ ያምራል፤ የሚሄድ ግን መምጣቱን ያሰማ።